በዳይሽን ሊፍት ውስጥ ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እውነት ነው፣ አይረሳም! እኔን የሚያሳስበኝ ሳይረሳ ምን ያድርግ የሚለው ነው። እዚህ አብነት የሰፈሬ ልጆች መልሱን ለማግኘት ደቂቃም አይፈጅባቸውም። «አሳያት!»

አብራኝ ትንሽ ንግድ የጀመረች ጓደኛዬ 38 ሺህ ብሬን ይዛብኝ ከጠፋች ወዲህ ያልሰማሁት ምክር የለም። ወራት ቆይታ እዚያው ሰፈር ሱቅ ስትከፍትማ ባሰ። አንዱ «ሱቋን እንስበረው» ይላል። ሌላው «ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ ልቀቀው፣ ሌባ በላት»። ደማችሁ ሲፈላ ይህ ሁሉ ይጣፍጣል፣ አልዋሻችሁም።

ምክሩ ሲበዛብኝ ግን አንድ የሰማሁት እውነተኛ ታሪክ ትዝ ይለኛል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ፣ ከፍተኛ 9 ታስራ የተገረፈች አንዲት ሴት አገር ጥላ ወጥታ አሜሪካ፣ አትላንታ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆነች። በ1989 ሊፍቱ ጋ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? ያስገረፋትን የከፍተኛውን ሊቀ መንበር! እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኗል።

እናንተ ብትሆኑስ? እሷ ካናዳ ለምትኖር፣ ያኔ እዚያው ታስራ ለነበረች ልጅ ደወለች። መጥታ አየችው። ራሱ ነው። ሦስተኛ ሴት ጨምረው በ1990 ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ፈረደላቸው። ጉድ በሉ፣ ከዚያ በኋላ በ1995 ሰውዬው የአሜሪካ ዜግነት አገኘ! በ2004 ዜግነቱን ተነጠቀ፣ በ2006 ደግሞ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ወደተፈረደበት ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ከሊፍቱ እስከዚያ 17 ዓመት!

የገረመኝ መታገሳቸው ብቻ አይደለም። ሰውዬው ችሎት ቆሞ አላደረግሁም ብሎ እንዲከራከር ዕድል አገኘ። እነሱን ያኔ ማን ጠየቃቸው? እኔ በቀልና ፍትሕ የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ በዳዩም ይናገራል።

የኔዋ ነገር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ላክሁ። ተቀመጥን። እናቷ ታመው ብሩ ለሕክምና እንደወጣ ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ማስረጃ አምጪ አሏት፣ ደረሰኝ አመጣች። ዕዳው በዚህ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም! ሱቁ ተሰብሮ ቢሆን ግን ይህን መቼም አልሰማውም ነበር፤ እኔም ከተበዳይነት ወደ ተከሳሽነት እዛወር ነበር።

በወር 2 ሺህ ልትከፍል ፈርማ የሦስት ወር ከፍላለች። ታዲያ ታረቃችሁ ወይ? ቡና አብረን አንጠጣም። በሱቋ በር ሳልፍ ሰላም እላታለሁ፣ የፈረመችበት ወረቀት ደግሞ ቤቴ ተቀምጧል።