ደጅ የምንጠናው የማንን ቤት ነው?

የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ የሆንን ኢትዮጵያውያን የስቴት ዲፓርትመንትን ደጃፍ እንደ ሠፈራችን እናውቀዋለን። እኔም ከምርጫ 97 በኋላ ባንዲራ ይዘው በብርድ ከቆሙት አንዱ ነኝ። ያ ጩኸት ከንቱ አልነበረም። ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካን የተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር፤ ሴኔት ላይ ቢቀርም።

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «የሚቀጥለው ሰልፍ የት ይሁን?» ሲለኝ ግን መልሱ ቸገረኝ። የአፍሪካ ቀንድ ጉዳይ የሚመከርበት ቤት በዝቷላ!

የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የሰላም ስምምነት የፈረሙት ጂዳ ላይ፣ በሳዑዲው ንጉሥ ፊት ነው። በዚያው ዓመት ለአዲስ አበባ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል የገባችው አቡ ዳቢ ናት። ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የባሕር በር ሰነድ ከሞቃዲሾ ጋር ያስነሣው ፍጥጫ በ2024 መጨረሻ የረገበው አንካራ ላይ፣ በኤርዶጋን ሸምጋይነት ነበር። ቱርክ ከ2017 ጀምሮ ሞቃዲሾ ውስጥ የጦር ማሠልጠኛ ሠፈር አላት።

መካከለኛ ኃያላን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዓለምን ብቻቸውን አያዙም፤ ትላልቆቹ ሲፎካከሩ ግን በመሐል ገንዘብ፣ መሣሪያና ሽምግልና ይዘው ይገባሉ። ቱርክ የኔቶ አባል ሆና ሳለ ከሩሲያ ሚሳይል ገዛች። ኤምሬቶች የአሜሪካን ጦር እያስተናገዱ በ2024 ከኢትዮጵያ ጋር ብሪክስን ተቀላቀሉ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጭልጥ ይሉታል ይህንን ነው!

የኛ ችግር እዚህ ላይ ነው። ዋሽንግተን ላይ የምንጮኸው እንደ መራጭ ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ ግን ደብዳቤ የምንጽፍለት እንደራሴ የለንም። ሪያድ ውስጥ መፈክር ይዞ የሚወጣ ወገናችንን የሚጠብቀው እስርና መባረር ነው። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን ስለ እኛ ጩኹልን ልንል ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ? ዋሽንግተንን እንተው አልልም፤ ጥያቄያችንን እንለውጥ እንጂ። ኮንግረስ ለውጭ መንግሥታት የሚሸጥን የጦር መሣሪያ የመመርመር ሥልጣን አለው። እንደራሴዎቻችንን ስናነጋግር ስለ አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ አቡ ዳቢና ወደ አንካራ ስለሚሄደው መሣሪያም እንጠይቅ። አረብኛና ቱርክኛ የሚያውቁ ልጆቻችንም በዚያ አገር ጋዜጦች ላይ ይጻፉ።

ከሁሉ በላይ ግን በመካከላችን እንነጋገር። ለተጣላ ቤት ሸምጋይ አይጠፋም፤ የድካሙን ሳይወስድ የሚሄድ ሸምጋይ ግን የለም።

ቸር ይግጠመን!