ቀዩ ቆርቆሮ

ለአንዲት እናት በአፌ መናገር ያቃተኝን ነው ዛሬ የምጽፈው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው፤ እንጀራዬ ቤት ማደስ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ያገራችን ሴት የሞባይል ሆማቸውን (ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ቤታቸውን) ሳይዲንግ፣ ማለትም የውጭ ግድግዳውን ልባስ፣ እንድቀይርላቸው ጠየቁኝ። እንደዚያ ያለ ቤት ነክቼ አላውቅም ነበር። ቤት ያው ቤት ነው ብዬ ገባሁበት።

ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ ታች ጥጉ ላይ፣ መዳፍ የማትሞላ ቀይ ቆርቆሮ በአራት ሪቬት ተመትታለች። ፊደልና ቁጥር ተቀርጾባታል። ለአዲሱ ሳይዲንግ ስላልተመቸችኝ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ከፍርስራሹ ጋር ጣልኳት። ኩሽና ቁም ሣጥን ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀትም፣ ቢጫ ሆኖ ስላስጠላኝ፣ ቀለም ቀባሁበት።

ባለፈው ዓመት እማማ ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊገቡ አሰቡ። ገዢው የሚገዛው በብድር ነበርና አበዳሪው የላከው ገማች ቤቱን ዞሮ «ቀዩ ምልክት የታለ?» አለ። እማማ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ እንዴ?» አሉኝ። «ፋብሪካው ሳይለጥፈው ቀርቶ ይሆናል፤ መንግሥትም መች ያያል» አልኳቸው።

መንግሥት ግን አይቶ ነበር። ከሰኔ 1976 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ሞባይል ሆም ሁሉ የሚገዛው በአንድ የፌዴራል ደንብ ነው። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚመጣ የከተማ ተቆጣጣሪ ሽቦውንና ቧንቧውን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ምርመራው የሚካሄደው እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ነው። ቤቱ መሬት ላይ ሲተከል ደግሞ ድጋፉንና ማሰሪያውን የሚከታተለው የኮሎራዶ የቤቶች ዲቪዥን ነው። ቀይዋ ቆርቆሮ የፋብሪካው ምርመራ ምስክር ነበረች። ቀለም የቀባሁበት ወረቀት ጣሪያው ምን ያህል በረዶ፣ ግድግዳው ምን ያህል ነፋስ እንደሚችል ይናገር ነበር። ሥራቸውን በትክክል የሠሩ ሰዎችን ነው በሐሰት የከሰስኩት።

ቆርቆሮዋ አንዴ ከጠፋች ምትክ የላትም፤ የሚሰጠው የማረጋገጫ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለዚያም የቤቱ ሴሪያል ቁጥር ያስፈልጋል። ቤቱ ሥር በደረቴ ተሳብኩና ከፊተኛው ተሸካሚ ብረት ላይ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ቁጥሩን አገኘሁት። ደብዳቤው እስኪመጣ ገዢው ሌላ ቤት ገዛ። እማማም ጥሬ ገንዘብ ለያዘ ሰው በርካሽ ሸጡት። ሲፈርሙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ።

በዚህ ሙያ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ ሳይዲንግ ከማንሳታችሁ በፊት የቤቱን ጀርባ እዩ፤ ቆርቆሮዋን ባለችበት ተዉአት፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለባለቤቱ ስጡ።

እማማ፣ የነቀልኳት እኔ ነኝ። የጎደለብዎትን ገንዘብ ከዚህ ወር ጀምሬ እከፍላለሁ። ስለ ውሸቴ ደግሞ ይቅር ይበሉኝ።