አንበሶና ሉሉ፦ ከሚዛን ግቢዎች የተለቀመ ትዝብት

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሚዛን ከተማ ውስጥ የውሻ ሥራ ማታ ነው። ቀን ቀን ጓሮ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ሥር ወይም ከማድቤቱ ግድግዳ ጋር ታስሮ ይውላል፤ ሲመሽ ይፈታል። አዲስ ቡችላ የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዘመድ ይሰጣል፣ ወይም ከገበያ ሲመለሱ በዘንቢል ተይዞ ይመጣል። ባለቤቱም ደስ እያለው ቡችላውን ታቅፎ በቀጥታ ወደታሰረው ውሻ ይሄዳል። «ተዋወቁ!» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

የታሰረ ውሻ ቢከፋው መሸሽ አይችልም፤ ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ነው። ቡችላው ሲነከስ የሚወቀሰው ግን ሰንሰለቱም ያመጣው ሰውም አይደለም። «ውሻው ቀናተኛ ነው» ተብሎ ይዘጋል።

*

ባለፈው የቡና ለቀማ እዚሁ ሚዛን አማን ውስጥ ጎረቤት የሆነውን ልንገራችሁ። የቤቱ ልጅ ቴፒ ደርሶ ሲመለስ ቡችላ በዘይት ካርቶን ይዞ ከሚኒባስ ወረደ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ቡችላዋ አስመልሷታል፤ ካርቶኑ ከታች ርሶ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም። ስም ግን መኪና ውስጥ እያለች ወጥቶላታል፦ ሉሉ። (ሉሉ የጃንሆይ ቺዋዋ ስም ነበር። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ የውሻው ስም ግን እስከ ቴፒ ድረስ ሥልጣኑን አልለቀቀም።)

ግቢው ውስጥ የሚጠብቃት አንበሶ ነው። ስምንት ዓመት አልፎታል፣ ቁመቱ ከጉልበት በላይ ነው፣ ደረቱ ላይ የዱር አሳማ የተወለት ጠባሳ አለ። ልጁ እንደማንኛውም ሰው ወደ ሰንሰለቱ ሊያመራ ሲል አያቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጮኹ።

«ቆይ ልጄ! መጀመሪያ አውጣው።»

«ማንን አባባ?»

«አንበሶን ነዋ! ግቢው የሱ ነው፤ ሰው ሳያስፈቅድ እንግዳ ቢያስገባብህ ደስ ይልሃል? መንገዱ ግን የማንም አይደለም።»

ወጡ። አባባ አንበሶን በገመድ ያዙ፤ ልጁ ሉሉን ታቀፈ። ከቡናው ማሳ ዳር በሚያልፈው ቀይ ጭቃ ላይ፣ በመካከላቸው ጥቂት ሜትር ትተው ጎን ለጎን ሄዱ። አንበሶ መጀመሪያ ገመዱን ወጠረ፣ አፍንጫውን ወደ ልጁ እቅፍ ቀሰረ። አባባ አላቆሙትም፣ አልተቆጡትም፤ ዝም ብለው እርምጃቸውን ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ አንበሶ አንድ የዋንዛ ዛፍ ሥር እግሩን አንሥቶ ሸና፣ የጦጣ ሽታ ያለበትን ቅጠል አነፈነፈ፣ ሉሉንም የረሳት መሰለ። ይህንን ጊዜ ነው የጠበቁት። «አሁን አውርዳት» አሉ።

ሉሉ መሬት እንደነካች ተገለበጠችና ሆዷን አሳየች። ሽንቷም አመለጣት። ልጁ አፈረ።

«ፈሪ ናት እንዴ?»

አባባ ሳቁ። «ጨዋ ናት እንጂ! በሱ ደንብ እጅ ነሣችው።»

አንበሶ ከኋላዋ አሽትቷት፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ገፋ አድርጓት አለፈ። ግቢ ሲገቡም እሱ ቀድሞ፣ እሷ ተከትላ ነበር። ሰንሰለቱ ግንቡ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

አባባ ያላሰቡት አንድ ነገር ግን አለ። ክትባቷን ያልጨረሰች ቡችላ የሰፈር ውሻ ሁሉ የሚጸዳዳበት መንገድ ላይ መውረድ አልነበረባትም። ፓርቮ የሚባለው አንጀት የሚያደማ በሽታ ቫይረሱ ጥላ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ከሚዛን የበለጠ ጥላና እርጥበት ከየት ይመጣል? ሌላ ውሻ የማይረግጠው የጎረቤት ግቢ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ነበር።

*

ማታውን ሉሉ ድፍረት አገኘች። የአንበሶን ጭራ ነከሰች። አንበሶ ከሆዱ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ አሰማ፤ ልጁ ዱላ አነሣ። አያትየው «ተናገረ እንጂ ምን አደረገ?» ብለው ከለከሉት።

ይህቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ንዴቱን ግን አይተውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፤ ያኔ «ድንገት ተቀየረብን» ይባላል። ድንገት አይደለም፣ አፉን የዘጉት እነሱ ናቸው። ሊፈራ የሚገባው ውሻ ድምፁን ያጠፋው ነው፤ ሰውነቱ ድርቅ ብሎ፣ አፉን ገጥሞ፣ ዓይኑን ከቡችላዋ ላይ ሳይነቅል የቆመው። ጭራውን መቁላቱም አያጽናናችሁ፤ ጭራው ወደ ላይ ተወጥሮ በአጭሩ ቢርገበገብ የወዳጅነት ምልክት አይደለም። ሳይደክመው የሚያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ፊቱን የሚያዞር ትልቅ ውሻ ደግሞ «አሰለቸችኝ፣ አንሡልኝ» እያለ ነው። አንሡለት።

እንዲህም ሆኖ ሁለቱን ብቻቸውን ትቶ ገበያ መሄድ የለም። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በጨዋታም ቢረግጥ ቡችላን ይሰብራል።

*

ጠብ የሚጀምረው ከአጥንት ነው። በየቤቱ የማየው አንድ ጣሳ ነው፤ የእንጀራ ፍርፋሪው፣ የጎደሬው ትርፍ፣ አጥንቱም እዚያው ይደፋል። ከዚያ «ተካፈሉ» ይባላል። ውሻ መካፈል አያውቅም። ሁለት ጣሳ፣ በሁለት ጥግ፣ በመካከላቸው ግድግዳ ወይም በር፤ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት የለም። ደግሞም ቡችላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መብላት አለባት፤ ትልቁ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። አብረው ከበሉ አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው ይራባል፤ የሚራበው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

*

ቡችላ ለምን ያህል ጊዜ ከእናቱ ጋር ይቆይ ብትሉ ሰዉ «ዓይኑ ከተገለጠ ይበቃል» ይላችኋል። ዓይን የሚገለጠው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ቶሎ ከወሰድኩት ጌታውን ያውቃል፣ ለሌላ አያጎበድድም የሚል እምነት አለ።

አሜሪካ ውስጥ ሜይን በሚባለው ግዛት ጆን ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ቡችሎችን ለዓመታት ሲያሳድጉና ሲመለከቱ ቆይተው በ1965 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። ያገኙት ነገር እስካሁን የሙያው መሠረት ነው፦ ቡችላ ማንን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚፈራ የሚማረው በአብዛኛው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን አጋማሽ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ካሳለፈ ጥርሱን መመጠን ይማራል፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ያቋርጥበታልና። ሁለተኛውን አጋማሽ ከሰውና ከሌላ ውሻ ጋር ካሳለፈ ደግሞ ግቢ ውስጥ መኖር ይማራል። ስለዚህ ቡችላ በስምንት ሳምንቱ ከእናቱ ይለይ የሚባለው ዝም ብሎ አልመጣም። በሦስት ሳምንቱ ከእናቱ የተነጠቀ ቡችላ የአንበሶን ጭራ ሲይዝ ልክ አያውቅም፤ ልኩን የሚያስተምረው አንበሶ ይሆናል ማለት ነው።

*

ወንድ ቡችላ ስጦታ ነው። ሴቷ ቦይ ዳር ትጣላለች። ዝናብ ሲጠና ከገበያው ጀርባ ይዘውት የሚሄዱትን ካርቶን ማየት ለለመደ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገውም። ሉሉ ሴት ሆና ሳለ በካርቶን ወደ ቤት መግባቷ ብርቅ ነው።

*

የቡና አገር ለቡችላ የራሱ አደጋ አለው። ቤበቃና ቴፒን የመሳሰሉ ሰፋፊ እርሻዎችን ትተን የየገበሬውን ጓሮ ብናይ እንኳ፣ በለቀማ ወቅት ማድረቂያ አልጋው ሥር የወደቀ ቀይ ፍሬ አይጠፋም። ሥጋው ይጣፍጣል፤ ቡችላ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች። ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን ግን ለውሻ መርዝ ነው። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ቡችላ 40 ሚሊ ግራም ካፌይን ለመቅበጥበጥና ለማስመለስ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ 4 ግራም በማይሞላ ጥሬ ቡና ውስጥ አለ። ከዚያ በላይ ከሆነ መንቀጥቀጥና የልብ መዛባት ይመጣል። ከረከቦቱ ሥር ተደፍቶ የሚቀረው አተላም ያው ነው። አንበሶ ጥቂት ቢበላ ክብደቱ ይችልለታል፤ እሷ ግን ያንኑ ሲበላ አይታ ስትከተለው ነው ጣጣው።

ሌላው ሙጀሌ ነው። ሰውን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል፤ የውሻውን መዳፍ ገልጣችሁ እዩ። ትልቁ ውሻ በመዳፉ ሙጀሌ፣ በጆሮው መዥገር፣ በጀርባው ቁንጫ ተሸክሞ አብሯት ሲተኛ ሁሉንም ያካፍላታል። መጀመሪያ እሱን ማጽዳት ነው።

*

«ቡችላዋን ሚጥሚጣ አብሏት፣ ኃይለኛ ትሆናለች» ያለም ጎረቤት ነበር። ጆሮዋን እንቁረጥላት ያለም። ሚጥሚጣ ሆድ ያቃጥላል እንጂ ጀግና አያደርግም። ጆሮ መቁረጡ ደግሞ ከጉዳቱ ሌላ አንድ ነገር ያሳጣል፦ ውሻ ለውሻ የሚናገረው በጆሮው ጭምር ነው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ «ይቅርታ» ማለት የማትችል ቡችላ አንበሶ ፊት እንዴት ልትኖር ነው?

*

ማታ ማታ ሉሉ የት ትደር? ልጁ «ከአንበሶ ጋር፣ እሱ ይጠብቃት» አለ። እናቱ እሺ አላሉም፤ ትክክል ነበሩ። ከጫካ ዳር ባለ መንደር ጅብ ይመጣል፣ ነብርም አልፎ አልፎ ይታያል። አንበሶ ሲጮህ ይሮጣል፣ ቡችላም ተከትላው ትሮጣለች። ግማሽ ዓመት እስኪሞላት ማድቤት ውስጥ ትደር።

*

ከዚህ ሁሉ በላይ የማዝንበት ነገር ክትባት ነው። ሰው ቡችላ ሲያመጣ ስለ ጆሮዋ፣ ስለ ጾታዋ፣ ስለ ቀለሟ ይጠይቃል። እናቷ ተከትባ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ትልቁ ውሻ መቼ እንደተከተበም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የእንስሳት ክሊኒክ ሄዶ «ክትባት አልቋል» ተብሎ የተመለሰ ሰውም አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የባለቤት ብቻ አይደለም።

በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59 ሺህ ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ቡችላ ታቅፈው የሚውሉት ማለት ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላም ታብዳለች። የቡችላ ጥርስ ጭረት «ምንም አይደል» ተብሎ የታለፈበትን ቤት ሳስብ ያስፈራኛል።

ጉዳዩ ከግቢም ያልፋል። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ባሌ ተራሮች ላይ ከእረኞች ውሾች የተላለፈ እብደት በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

እንግዲህ ቡችላ ሊቀበል ያሰበ ሰው ካለ ተራው እንዲህ ነው፦ ቡችላዋ ከመምጣቷ በፊት ትልቁን ውሻ ይዛችሁ እንስሳት ክሊኒክ ሂዱ፤ እሷ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላት ትከተብ፣ በየዓመቱም ይደገምላቸው። ከሁለቱ አንዱ ሰው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀንም ለክትባት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድረሱ። ጠበልም የባህል መድኃኒትም የምትሉ ከሆነ፣ ከክትባቱ በኋላ ይሁን።