ሁለት ድመት በአንድ ጉሮሮ

ልጆች ሳለን ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ደጋግመን የምንከራየው አንድ ካሴት ነበር፤ «ሌዲ ኤንድ ዘ ትራምፕ»፣ የውሾች ፊልም። እንግሊዝኛው አይገባንም። ሁለቱ ድመቶች ከቅርጫታቸው ወጥተው ጭራቸውን እያወዛወዙ መዝፈን ሲጀምሩ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ሲጨርሱ ታናሽ እህቴ «እንደገና!» ትላለች፤ ካሴቱም ወደኋላ ይጠነጠናል። ሁለት ድመት ስላየን ሁለት ዘፋኝ ያለ ይመስለን ነበር። የሁለቱም ድምፅ የአንዲት ሴት መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። ሕፃኑን እሹሩሩ የምትለው እናትም እሷው ናት። የባዘኑ ውሾች ታጉረው ባሉበት ቤት ስለ ወንዱ ውሻ ስለ ትራምፕ የምትዘፍነው ውሻ ፔግም እሷው ናት። ሴትየዋ ፔጊ ሊ ትባላለች፤ የጃዝ ዘፋኝ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1920 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ጄምስታውን በምትባል ከተማ ስትወለድ ስሟ ኖርማ ዴሎሪስ ኤግስትሮም ነበር። አባቷ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናቷን በአራት ዓመቷ ቀበረች። ፔጊ ሊ የሚለውን ስም ያወጣላት ፋርጎ ከተማ የምትዘፍንበት ሬዲዮ ጣቢያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ድምፅዋን ያገኘችበት መንገድ ነው። በ1941 ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ ዶል ሃውስ በተባለ መጠጥ ቤት ትዘፍናለች። ሰዉ ይጠጣል፣ ያወራል፣ ይስቃል፤ የሚሰማት የለም። አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ይጮኽ ነበር። እሷ ዝቅ አለች። ድምፅዋን ባሳነሰች ቁጥር ሰዉ ምን እያለች ነው ብሎ ወሬውን አቆመ። በዚያው ዓመት የቤኒ ጉድማን ባንድ ዘፋኝ ሆነች፤ ያን ዝግታዋንም እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። በ1958 «ፊቨር»ን ስትቀዳ ፒያኖውንም የትንፋሽ መሣሪያውንም አስወጣች። የቀረው ቤዝ፣ ከበሮና በጣት የሚያጮሁት ምት ብቻ ነው። ዛሬም ስሰማው ዘፈን የምሰማ ሳይሆን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው የሚያወራኝ ይመስለኛል።

ለካርቱን ድምፅ መስጠት ለዘፋኝ የጎን ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የጃዝ ዘፋኝ በየዘፈኑ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ቃሉን ከምቱ ጥቂት አዘግይቶ ይጥለዋል፣ ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ ያውቃል፣ ፊቱን ለማያይ ሰው ፊት ይሠራል። ፔጊ ሊ ለዚያ ፊልም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ድመቶቹን አንዷን ከቀዳች በኋላ በዚያው ላይ ሁለተኛዋን ደርባ ዘፈነች። ከሶኒ በርክ ጋር ሆናም ዘፈኖቹን ጽፋለች። ፔግ መጀመሪያ ሜም ልትባል ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ የአይዘንሃወር ባለቤት ሜሚ ስለሚባሉ ስሙ ተቀየረና የዘፋኟ ስም ለውሻዋ ተረፈ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እነዚያ እንደዚያ የወደድናቸው ድመቶች ዓይናቸውም አነጋገራቸውም የእስያን ሰዎች መቀለጃ ያደረገ ነው። ፊልሙ በ2019 እንደገና ሲሠራ ዘፈኑ በሌላ መተካቱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ እህቴን «እንደገና!» ያስባላት ዘፈን መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ፊልሙ በ1955 ወጣ። ፔጊ ሊ ለድምፅዋ የተከፈላት 3,500 ዶላር ነበር። ከዚያ ሠላሳ ሁለት ዓመት አለፈና በ1987 ፊልሙ በቪዲዮ ካሴት ታትሞ በሚሊዮን ይቸበቸብ ጀመር። ውሏ የተፈረመው በ1952 ነው፤ ያኔ ፊልም ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሆኖም ውሉ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ ፊልሙን የሠራው የዲዝኒ ኩባንያ ሸክላም ሆነ ሌላ ቅጂ አባዝቶ ለሕዝብ የመሸጥ መብት የለውም የምትል። በ1988 ከሰሰች። ክርክሩ ሁሉ ካሴት «ቅጂ» ነው አይደለም በሚለው ላይ ነበር። ነው ተባለ። በ1991፣ በሰባ ዓመቷ፣ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት፤ በማግስቱ ዓመት ይግባኝ ሰሚውም አጸናላት።

ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያሉኝ የእኛዎቹ ድምፅ ሰጪዎች ናቸው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ስንትና ስንት ቤት ውስጥ የቱርክ ድራማ በአማርኛ አልቅሷል፣ ተቆጥቷል፣ አፍቅሯል። ተዋናይዋን በፎቶ እናውቃታለን። ያስለቀሰን ጉሮሮ የማን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ታክሲ ውስጥ ከኋላችን ተቀምጣ «ወራጅ አለ» ብትል ዞር ብለን «የት ነው የማውቅሽ?» እንል ይሆናል፤ ከዚያ አያልፍም። ድምፅ ለሰው ሲያውሱት ባለቤቱን የሚያስረሳ ነገር ነው። ለዚህ ነው ያቺን በውሉ ውስጥ የነበረች ዓረፍተ ነገር እንደ ዘፈኖቿ የምወዳት።

ስለ ፊልሙ ከሚነገረው ሁሉ ግን ከልቤ የማይወጣው ሌላ ነው። በመጨረሻው አካባቢ ትረስቲ የሚባለው፣ ማሽተት የተሳነው ሽማግሌ ውሻ ጋሪ ይጫነዋል። እንዲሞት ታስቦ ነበር። ፔጊ ሊ ዋልት ዲዝኒን ለመነችው፤ ለልጆች ይከብዳል፣ አትግደለው አለችው። በአራት ዓመቷ እናቷን ያጣች ሴት ናት ይህን ያለችው። ሰማት። እህቴ ጋሪው ሲገለበጥ ሁልጊዜ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር፤ ስንት ጊዜ አይታው እንኳ አታምንም። «መጣ?» ትለኛለች ከነጠላው ሥር። «ቆይ» እላታለሁ። በረዶው ይታያል፣ የገና ዛፉ ይታያል፣ በሩ ይከፈታል። እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እያነከሰ ይገባል።

«መጣ» እላታለሁ።