ስለ ሙግ ሲንተሳይዘር ክፍሎችና ስለ ቅኝታችን

ኪቦርድ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። በሠርግ ቤትም፣ በመዝሙር ጉባኤም፣ በወላጆች ቀንም እናየዋለን። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት መለከት ይሆናል፤ ሌላውን ሲጫኑት ዋሽንት ወይም ከበሮ ይሆናል። ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ብንጠየቅ የምንመልስ ጥቂቶች ነን። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ የዚህን መሣሪያ አያት ነው። አያቱ እንደ ልጅ ልጁ የተዘጋ ሣጥን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ክፍሉ ለብቻው ይታይ፣ ሥራውም ለብቻው ይታወቅ ነበር። ይህን ማወቅ ለፊዚክስ ፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በዚህ ዓመት በክፍላችን ስለ ኪቦርድና ስለ መሰንቆ ለተነሣው ክርክርም የሚነግረን ነገር አለው፤ ወደ ክርክሩ ግን የምደርሰው ክፍሎቹን ካስረዳሁ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሮበርት ሙግ በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። ቴረሚን የሚባል፣ ሳይነኩት እጅን በአየር ላይ በማንቀሳቀስ ብቻ የሚጫወቱት የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ፤ ሙግ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን መሥራት ይወድ ነበር። በ1954 ከአባቱ ጋር ሆኖ ቴረሚን እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ዓመት ነው፤ በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ከሚጨርሱት ከእኛ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በ1963 መጨረሻ ኸርበርት ዶይች ከሚባል የሙዚቃ መምህር ጋር ተዋወቀ። በ1964 ሁለቱ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በሙግ መሥሪያ ቤት ተቀምጠው የመጀመሪያውን ናሙና ሠሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሙግ ሐሳቡን ለድምፅ መሐንዲሶች ጉባኤ አቀረበ።

ከዚያ በፊት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሚደርስ ሰው የላቦራቶሪ መሣሪያ ቁልፍ በእጁ እያዞረ ድምፁን በቴፕ ይቀዳ፣ ከዚያም ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ ይቀጥለው ነበር። ለአጭር ዜማ ብዙ ቀን መድከም ግዴታው ነበር። የሙግ ዋና ሐሳብ ቁልፉን የሚያዞረው እጅ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ቮልቴጅ ይሁን የሚል ነው። የሰው እጅ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሊዞር ይችላል? ቮልቴጅ ግን በአንድ ሴኮንድ መቶ ጊዜ ከፍና ዝቅ ቢል አይደክመውም። እንግዲህ የመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ በዚህ በአንድ ሐሳብ የተሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ክፍል ኦሲሌተር ይባላል፤ ሙግ 901 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። ይህ የመሰንቆ ጭራ ማለት ነው። ድምፅ የሚነሣው ከእሱ ሲሆን የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ይወስናል። የሚያወጣው ሞገድ አራት ዓይነት ቅርጽ አለው፦ ሳይን፣ ሦስት ማዕዘን፣ የመጋዝ ጥርስና አራት ማዕዘን። የመጋዝ ጥርሱን በ110 ኸርትዝ ብናሰማው በውስጡ 220፣ 330፣ 440 እያለ የሚሄድ የድምፅ ሠራዊት ተከትሎት ይመጣል። አራት ማዕዘኑ እኩል ሲሆን ግን 330፣ 550 እያለ ጎዶሎ ቁጥሮቹን ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ባዶ ቧንቧ ውስጥ የሚነፋ ይመስላል። ሳይን ከራሱ በቀር ተከታይ የለውም። ለእኔ ጆሮ ሳይን ለብቻው ሲሰማ በጣም አሰልቺ ነው፤ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥርጭቱን ሲያቋርጥ የሚያሰማውን ይመስላል።

ሁለተኛው ማጣሪያው ነው፤ ቁጥሩ 904። ይህን ለማስረዳት ውድ አንባቢ እንዲተባበረኝ እለምናለሁ። ድምፅዎን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ በአንድ ትንፋሽ ‹‹በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ›› ይበሉ። (እኔ ይህን በቤት ስሞክር ታናሽ እኅቴ ፊደል የጠፋብኝ መስሏት ልታስተምረኝ መጣች።) ጉሮሮ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ግዕዙን ከካዕብ፣ ሣልሱን ከራብዕ የሚለየው የአፍና የከንፈር ቅርጽ ነው። አፋችን ከድምፁ ሠራዊት ገሚሱን ያሳልፋል፣ ገሚሱን ያስቀራል። የሙግ ማጣሪያም እንዲሁ ነው፤ ከወሰኑ በታች ያሉትን ድምፆች አሳልፎ ከዚያ በላይ ያሉትን በእያንዳንዱ ኦክታቭ በ24 ዴሲቤል ያዳክማቸዋል። ወሰኑን ዝቅ ስናደርገው ‹‹ቡ›› እንደማለት ይታፈናል፤ ከፍ ስናደርገው ‹‹ባ›› እንደማለት ይከፈታል። ሥዕላዊ ንድፉን ያየ ሰው ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው መሰላል ሲሠሩ ያያል። የዚህ መሰላል የፈጠራ መብት ለሙግ የተሰጠው በጥቅምት ወር 1969 ነው። ከክፍሎቹ ሁሉ የሙግን ስም ያስጠራው ይህ ይመስለኛል፤ ዛሬም ብዙ ሠሪዎች ይቀዱታል።

ሦስተኛው ማጉሊያ ነው፤ ድምፁን ያጎላል፣ ያለዝባል፣ ጨርሶም ይዘጋል። ለብቻው የሚነገርለት ነገር የለውም። ሕይወት የሚያገኘው ኤንቨሎፕ ከሚባለው ክፍል ጋር ሲገናኝ ነው። ዶይች እንደተናገረው፣ የመጀመሪያው ናሙና ድምፅ ሲያወጣ ይጮኻል እንጂ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ተነሥቶ የሚወድቅ አልነበረም። ሙግም በአቅራቢያው ካለው የብረታ ብረት ሱቅ የበር ደወል መጫኛ ገዝቶ እንዲመጣ ላከው። መጫኛው ሲነካ ቮልቴጁ ይነሣል፤ ሲለቀቅ ይወርዳል። በ1965 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ደራሲ ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ነገሩ በአራት ደረጃ እንዲከፈል ጠየቀ፦ መነሣት፣ መርገብ፣ መቆየትና መጥፋት። ከአራቱ ሦስቱ ጊዜ ናቸው፤ መቆየት ግን የከፍታ መጠን ነው። ዛሬ በገበያ ያሉት ኪቦርዶች አብዛኞቹ ይህንኑ አራት ደረጃ ይከተላሉ። መነሣቱን አሳጥሮ መቆየቱን ባዶ ቢያደርጉት ከበሮ ይሆናል፤ መነሣቱን ቢያረዝሙት ደጋን ቀስ ብሎ ጭራውን ሲነካ ይመስላል። ለከበሮው ደግሞ ኦሲሌተር እንኳ አያስፈልግም፤ እንደ ዝናብ የሚሻሻ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ 903 የሚባል ክፍል አለ።

እነዚህ ክፍሎች በእንጨት ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ በመካከላቸው የተወሰነ መንገድ የለም። የሚያገናኛቸው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ እንደ ድሮ የስልክ ማዞሪያ ቤት ሠራተኛ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ በሌላው ይሰካል። እኔን እጅግ ያስገረመኝ እዚህ ላይ ነው። በሙግ መሣሪያ ድምፁም ቮልቴጅ ነው፣ አዛዡም ቮልቴጅ ነው። በሴኮንድ ስድስት ጊዜ የሚመላለስ ኦሲሌተር ሌላውን ኦሲሌተር እንዲያዝ ቢደረግ ድምፁ እንደ አዝማሪ ጉሮሮ ይርገበገባል። አዛዡን እያፈጠኑ በሴኮንድ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ ቢያደርሱት መርገብገቡ ይጠፋና ሌላ አዲስ ድምፅ፣ የደወል ዓይነት፣ ይወለዳል። አዛዥ የነበረው ድምፅ ሆነ ማለት ነው።

መሣሪያው ነቀፋ የለውም አልልም። በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ አይሰጥም፤ ሙቀት ሲለዋወጥም ቅኝቱ ይንሸራተታል። ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ድርሰቶች በሙግ ተጫውታ በ1968 ‹‹ስዊችድ ኦን ባክ›› የተባለውን ሸክላ ስታወጣ፣ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው በስምንት መስመር ቴፕ እየቀዳች፣ ጥቂት ተጫውታ እንደገና እየቃኘች ነው የጨረሰችው። ሸክላው ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ማሽን በራሱ ይዘፍናል የሚሉ ሰዎች ይህን ድካም ቢያዩ ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። በክፍላችን መሰንቆ የሚጫወት ጓደኛ አለኝ፤ ያስተማሩት አያቱ ናቸው። ለዘንድሮው የወላጆች ቀን ከኪቦርዱ ጋር ትዝታ እንዲጫወት ተጠየቀና መሰንቆውን በኪቦርዱ እንዲቃኝ ተነገረው። ቃኘው፤ ሞከረውም። ከዚያ ‹‹ይህ የአያቴ ትዝታ አይደለም›› ብሎ ተወው፤ ከዝግጅቱም ወጣ። ገሚሱ ተማሪ ኪቦርድ ባህላችንን ያጠፋል አለ፤ ገሚሱ ደግሞ መሰንቆ ጊዜው ያለፈበት ነው አለ። እኔ በሁለቱም አልተስማማሁም።

ምክንያቴ ይህ ነው። በሙግ መሣሪያ አንድ ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ 110 የነበረው 220፣ 220 የነበረው 440 ይሆናል። ያንን አንድ ቮልት በአሥራ ሁለት እኩል ደረጃ የሚከፋፍለው ከኦሲሌተሩ ጋር የሚያያዘው የፒያኖ ዓይነት የቁልፍ ሰሌዳ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ 0.083 ቮልት ያህል ነው። ኦሲሌተሩ ራሱ ግን ስለ አሥራ ሁለት የሚያውቀው ነገር የለም። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ማንኛውንም ቮልቴጅ ቢሰጡት ይዘፍነዋል። ሙግ ራሱም ጣት የሚንሸራተትበት ረጅም ሪባን አዘጋጅቶ ነበር፤ ይህም ከቁልፍ ይልቅ ለመሰንቆ ጭራ የቀረበ ነው። በዚያው ዘመን በሳን ፍራንሲስኮ የራሱን መሣሪያ የሠራው ዶን ቡክላ የፒያኖ ቁልፍን ጨርሶ ትቶ፣ እያንዳንዱ በፈለጉት ቮልቴጅ የሚስተካከል የሚነካ ብረት አደረገበት። ቀጥሎ በ1970 ሚኒሙግ ወጣ፤ ለመሸከም እንዲቀል ገመዶቹ ቀርተው ክፍሎቹ በውስጥ ተያያዙ፤ ቁልፎቹም ከሣጥኑ ጋር አንድ ሆኑ። እኛ ዘንድ የደረሰው ይህ የተዘጋው ዘር ነው። ቢሆንም ሰው ካወቀበት በእርሱም ይሠራል፤ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በቀረጸው ‹‹ሸሞንሟናዬ›› አልበም አኮርዲዮንንና ሲንተሳይዘርን በአገራችን ቅኝት አገናኝቷል።

የእነዚህን የጥንት ክፍሎች ሥራ የሚያስመስል ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእርሱ ተቀመጥን። የቁልፍ ሰሌዳውን ትተን ለአምስቱ የትዝታ ድምፆች አምስት ቮልቴጅ በእጃችን ለማበጀት ተነሣን። እርሱ አንዱን ድምፅ በረጅሙ ይስባል፤ እኔ ቮልቴጁን በጥቂት በጥቂቱ እለውጣለሁ። ሁለት ድምፆች ሊገጥሙ ሲሉ የሚሰማው ‹‹ው-ው-ው›› እየዘገየ፣ እየዘገየ ይሄድና ሲቆም ቁጥሩን እንጽፋለን። አራቱ ድምፆች ከፒያኖው እምብዛም አልራቁም። ሦስተኛው ግን ከቁልፉ በ0.02 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጓደኛዬን ከዝግጅቱ ያስወጣው ይህ 0.02 ቮልት ነበር።

ቁጥሮቹን ከገባን በኋላ የመጋዝ ጥርሱን በማጣሪያው አልፎ፣ መነሣቱን አርዝመን አብረን ተጫወትን። ድምፁ መሰንቆ አይደለም፤ መሰንቆም እንዲመስል አልፈለግንም። ግን አልተጣሉም። በማግሥቱ አያትየው በስልክ የተቀዳውን ሰምተው ‹‹ሁለተኛው ማን ነው?›› ብለው ጠየቁ። ለሚቀጥለው የወላጆች ቀን አብረው እንዲጫወቱ ለሙዚቃ ክበቡ አመልክተናል፤ እኔ ያን ጊዜ ከዚህ ትምህርት ቤት ስለማልኖር አምስቱን ቁጥሮች ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ጽፌ ሰጥቻለሁ።