«እህቴ፣ የት ነሽ?»

የራይድ ሹፌሮች ሲደውሉልኝ «እህቴ፣ የት ነሽ?» ይላሉ። ለዓመታት ሳርም ኖርኩ። አሁን «ባንኩ ፊት ለፊት ቆሜያለሁ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ሹፌሩ ደርሶ ፂሜን ሲያይ ይደነግጣል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከዚያ አብረን እንስቃለን።

ያላሳቀኝ አንድ ጊዜ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ለአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ዘገባ ሠርቼ ወሰድኩ። አዘጋጁ ጽሑፉን ወደደው። ቅጂውን ከሰማ በኋላ ግን «ጽሑፉን እንግዛህና የወንድ ድምፅ ያለው ሰው ያንብበው» አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ስለነበር ሸጥኩለት። ከቀናት በኋላ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ዘገባዬን በሌላ ሰው ጎርናና ድምፅ ሰማሁት።

ስለ አልፍሬድ ዴለር ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ዴለር እ.ኤ.አ. በ1912 ማርጌት በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበር። ወንዶች ልጆች ድምፃቸው ሲጎረንን ቀጭኑን ዜማ ይተዋሉ፤ እሱ አልተወም። ሲያወራ እንደ ማንኛውም ወንድ ወፍራም ድምፅ ነበረው፤ ሲዘምር ግን ሴቶች ወደሚዘምሩበት ከፍታ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዘፋኝ ካውንተር ቴነር ይባላል። ሥራው የድምፅ አውታሮች በሙሉ ውፍረታቸው መርገብገባቸውን ትተው በጠርዛቸው እንዲርገበገቡ ማለማመድ ነው። ማንኛችንም ለቀልድ ድምፃችንን ስናቀጥን የምናደርገውን እሱ ዕድሜ ልኩን ተለማመደው።

ይህንንም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው። መተዳደሪያው የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበር። በ1940 የካንተርበሪ ካቴድራል መዘምራንን ተቀላቀለ። በጦርነቱ መሣሪያ አላነሳም ብሎ እርሻ ላይ ሠራ። እዚያው ካንተርበሪ የሙዚቃ ደራሲው ማይክል ቲፔት ሰማውና ለለንደን አስተዋወቀው። በ1946 ቢቢሲ «ሦስተኛው ፕሮግራም» የተባለውን ጣቢያ በከፈተበት ምሽት ዴለር የሄንሪ ፐርሰልን ሥራ ዘፈነ።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሬዲዮ! እኔን የመለሰኝ ነገር እሱን ለአገር ያሰማው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የሦስት ልጆች አባት ሆኖ ሳለ ጃንደረባ ነው ብለው የሚያሙት ነበሩ። ቤንጃሚን ብሪተን ከሼክስፒር ተውኔት በሠራው ኦፔራ የመናፍስቱን ንጉሥ ኦቤሮንን የጻፈው ለእሱ ድምፅ ነው። ኦፔራው በ1960 ሲታይ ሐያስያን ትወናውን ነቀፉ፤ በተከታዩ ዓመት ለንደን ኮቬንት ጋርደን ሲቀርብ ቦታው ለሌላ ዘፋኝ ተሰጠ። ዴለር መዝፈኑን አላቆመም። ከዓመታት በኋላ ኦፔራው በብሪተን መሪነት በሸክላ ሲቀረጽ ኦቤሮን ሆኖ የዘፈነው እሱ ነው። በ1979 ሲሞት ከኋላው ብዙ ካውንተር ቴነሮች ተነሥተው ነበር። ዛሬ በታላላቅ የኦፔራ ቤቶች እንዲህ ያለ ድምፅ ብርቅ አይደለም።

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም፤ ከዴለር ጋር ራሴን አላወዳድርም። ግን ያን ቀን አዘጋጁን «የማነው የወንድ ድምፅ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እኔም አምኜበት ነበርና።

ባለፈው ወር አንድ ጽሑፌን ራሴ አንብቤ በድምፅ ለቀቅሁ። አንድ አድማጭ «እህታችን፣ በርቺ!» ብሎ ጻፈልኝ።

አላረምኩትም። እበረታለሁ።