የታማሚው ነገር

ጥያ ውስጥ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የጫት ነጋዴዎችን ብር እቆጥራለሁ፤ ጫት በሕግ አልተከለከለም። ካናቢስ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል። ለመዝናኛ የሚሻውን ሰው ሕጉ ቢከለክለው አልሟገትለትም፤ ጫቱንም ቢሆን አልወደውም። የሚከነክነኝ የታማሚው ነገር ነው። ሞርፊን ከኦፒየም ተቀምሞ በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመምተኛ ይሰጣል፤ ሱስ ያስይዛል ተብሎ አልተነፈገም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ከካናቢስ የተቀመመ፣ የማያሰክር ሽሮፕ ብርቱ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕፃናት ፈቅዳለች። ለመዝናኛ የሚጨሰውን ግን የፌዴራል ሕጓ ያን ጊዜም ይከለክል ነበር። ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያሻል? ሌሊቱን ሲንፈራገጥ ያደረ ልጇን አዝላ፣ ከጥያ ወደ ቡታጅራ ሐኪም ቤት የምትመላለስ እናት ስለዚያ ሽሮፕ ብትሰማ ማንን ትጠይቅ?